መርፌውን ከመቀየራችሁ በፊት፦ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ካርቡራቶር ሲያንጠባጥብ

አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ጠዋት ሲወጣ ከሞተሩ ሥር መሬቱ ርሷል። ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ኪኩን ቢረግጠው፣ ቢረግጠው አልነሳ ይላል። ሲነሳም ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። መካኒክ ጋ ሲወስደው መልሱ አንድ ነው፦ «የካርቡራቶሩ መርፌ አልቋል፣ ቀይረው።» ይቀየራል። ጥቂት ቀን ደህና ይከርማል። ከዚያ ያው ማንጠባጠቡ ይመለሳል።

እኔ ሐዋሳ ነው የምኖረው። የምነዳው አባቴ የተወልኝን ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የሷን ካርቡራቶር እየፈታሁ ስገጥም ስላዩኝ አሮጌ ሆንዳ፣ ሱዙኪና ያማሃ ያላቸው ወዳጆቼም የራሳቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት፣ መርፌው ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም ብዙ ጊዜ ግን የሌላውን ዕዳ እንደሚሸከም ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቤንዚኑ ከካርቡራቶሩ ሥር ባለው ኩባያ ውስጥ የት ድረስ እንደሚሞላ በዓይናችሁ እዩ። እንዴት እንደሚታይ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ካርቡራቶሩ ሥር ያለው ኩባያ ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ነው። ቤንዚኑ ከታንከሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፤ ፓምፕ የለም። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶን አስቡት። ውሃው ሲሞላ ኳሱ ተነስቶ መግቢያውን ይዘጋል። እዚህም ፍሎቱ፣ ማለትም ተንሳፋፊው፣ ከቤንዚኑ ጋር ከፍ ይላል። ፍሎቱ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ምላስ መርፌውን ወደ ላይ ትገፋዋለች። የመርፌው ሹል ጫፍ መቀመጫው ውስጥ ይገባና ቤንዚኑን ያቆማል። ሞተሩ ሲጠጣ ደግሞ ፍሎቱ ይወርዳል፣ መርፌው ይከፍታል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው።

ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ደግሞ ካርቡራቶር ውስጥ ሁለት መርፌ እንዳለ አትርሱ። ረጅሙ በነዳጅ መስጫው ገመድ ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው ነው። እሱ ድብልቁን ነው የሚመጥነው። እዚህ የማወራው ስለ አጭሩ፣ ፍሎቱ ስለሚገፋው ነው። ሱቅ ስትገቡ «የፍሎት መርፌ» በሉ፤ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ምልክቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። ቤንዚኑ ከልክ በላይ ከሞላ ከትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ ይንጠባጠባል፣ ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ጥቁርና እርጥብ ይሆናል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዛባል። በተለይ ሞተሩ ሲግል አጥፍታችሁት መልሳችሁ ለማስነሳት ትቸገራላችሁ። ቤንዚኑ ከልክ በታች ከሆነ ደግሞ በዝግታ ስትሄዱ ምንም አይታወቃችሁም። ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡት ግን ጥቂት ጎትቶ ይደክማል። ነዳጁን ስትቀንሱለት ነፍስ ይዘራል፣ መልሳችሁ ስትሰጡት ያው ይደክማል። ኩባያው ከሚሞላበት ፍጥነት ይልቅ የሚጠጣበት ፍጥነት በልጦ ነው። ይኸኛው እንደ መፍሰሱ በዓይን ስለማይታይ ሰው ችላ ይለዋል። ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ሞተር ላይ ግን አደገኛው እሱ ነው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፒስተኑም ሲሊንደሩን ይነክሳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ካርቡራቶሩን ከመፍታታችሁ በፊት ታንከሩን እዩ። ክዳኑን ከፍታችሁ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ቡናማ ዝገት ካያችሁ የችግሩን ምንጭ አገኛችሁ ማለት ነው። መርፌው በደንብ እንዳይገጥም አንዲት የዝገት ቅንጣት ትበቃለች። ካርቡራቶር አጽድተው ገጥመው በሳምንቱ መልሰው የሚፈቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ታንከሩን አልነኩም። ነዳጅ ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን የሚቀዳም ሰው ውሃና ቆሻሻ አብሮ እየቀዳ ሊሆን ይችላል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ኩባያው ወለል ላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይታያል። ታንከሩን አጥባችሁ አድርቁት፣ ከታንከሩ ሥር ያለው የቤንዚን መክፈቻ ውስጥ ያለውን ወንፊት አጽዱ፣ መስመሩ ላይ ትንሽ ፊልትሮ ግጠሙ። ለሞተር ሳይክል የተሠራውን ምረጡ። በፓምፕ ግፊት ለሚሠራ መኪና የተሠራ ፊልትሮ በራሱ ክብደት የሚወርደውን ቤንዚን ሊያጓትተው ይችላል። ያኔ ከመሙላት ችግር ወጥታችሁ ወደ ማነስ ችግር ትገባላችሁ።

እግረ መንገዳችሁን የታንከሩን ክዳን መተንፈሻም ፈትሹ። ቀዳዳዋ በአቧራ ከተደፈነች ታንከሩ አየር አያገኝም፣ ቤንዚኑም መውረድ ያቆማል። ሞተሩ ደክሞ ሲቆም ክዳኑን ክፈቱት። «ፊሽ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ ፍሎቱም መርፌውም ንጹሕ ናቸው።

አሁን ቃል የገባሁላችሁ ፍተሻ። ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ መስጫ ላስቲክ ግዙ። ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ውስጡ ይታያል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ቤንዚን ውስጥ ሲቆይ ስለሚደርቅ ለፍተሻ ብቻ ተጠቀሙበት፤ የዘወትር የነዳጅ መስመር አታድርጉት። ከኩባያው ማፍሰሻ ጋር አንዱን ጫፍ አያይዙ። አንዳንዱ ካርቡራቶር ለዚሁ የሚሆን አፍ አለው። የሌለው ከሆነ አሮጌ የማፍሰሻ ብሎን አስበስታችሁ ቀጭን የናስ ቱቦ አስበይዱበት። አንዴ ከሠራችሁት ዕድሜ ልክ ያገለግላችኋል። ሞተር ሳይክሏን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ በጎን ማቆሚያዋ ተጋድማ ከሆነ ልኩ ይዋሻል። ላስቲኩን ወደ ላይ መልሳችሁ ከካርቡራቶሩ ጎን በፕላስተር ለጥፉት። ማፍሰሻውን ክፈቱ፣ ከዚያ የታንከሩን መክፈቻ ክፈቱ። ኩባያው ውስጥ ያለው ቤንዚን የደረሰበት ከፍታ ላስቲኩ ውስጥም ይታያል። ኩባያው ከላይኛው አካል ጋር በሚጋጠምበት መስመር አንጻር ተመልከቱት። ልኩ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ በብዙዎቹ ላይ ግን ከመጋጠሚያው ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቤንዚኑ የሚያሳያችሁ ነገር ቀጥሎ ምን እንደምትፈቱ ይነግራችኋል።

ከፍ ብሎ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ካለና ካልተነቃነቀ መርፌው እየዘጋ ነው። የሚዘጋው ግን ዘግይቶ ነው። ችግሩ ያለው ፍሎቱ ላይ ነው፤ ወይ ከፍታው ተዛብቷል፣ ወይ ፍሎቱ ከብዷል። ሳይቆም ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን በመርፌው በኩል እየሾለከ ነው። ያኔ መርፌውን፣ መቀመጫውንና ቆሻሻን ተጠራጠሩ። ልኩ ላይ ቆሞ እያለ ከሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ፍሎቱም መርፌውም ነጻ ናቸው። ኩባያው ራሱ ነው የሚያፈሰው። ሞተሩ ጠፍቶ ደህና ሆኖ ሲነሳ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ መርፌው በንዝረት እየዘለለ ነው። ይህን ለይታችሁ ካወቃችሁ የምትፈቱት በግምት አይሆንም።

ስትፈቱ በጣም የምትጠነቀቁበት ቦታ አንድ ነው። ፍሎቱን የያዘችው ቀጭን ፒን በሁለት ትናንሽ የአልሙኒየም እግሮች መካከል አልፋ ነው የተቀመጠችው። እነዚያ እግሮች ከካርቡራቶሩ አካል ጋር አንድ ላይ የተቀረጹ ናቸው። ቢሰበሩ የሚቀየር ዕቃ የላቸውም። በአሮጌ ካርቡራቶር ላይ ፒኗ በቆየ ቤንዚን ሙጫና በዝገት ተጣብቃ ትገኛለች። በመዶሻ አንዴ ስትሏት እግሩ ቀጭ ይላል፣ ካርቡራቶሩም ሄደ። መጀመሪያ የካርቡራቶር ማጽጃ ወይም የብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይ ነፍታችሁበት ተዉት፤ ይደር ግድ የለም። ከዚያ ፒኗ በየት በኩል እንደምትወጣ እዩ። ብዙዎቹ በአንድ ጫፍ ራስ አላቸው፤ ራሷ ባለበት በኩል ነው የምትወጣው። በምትመቱበት ጊዜ ፒኗ የምትወጣበትን በኩል ያለውን እግር ከውጭ በእንጨት ደግፉት፤ እንጨቱ ላይ ለፒኗ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ጫፉ የተቆረጠ ሚስማር ተጠቅማችሁ በስሱ መታ መታ አድርጉ። እምቢ ካለች የፀጉር ማድረቂያ አምጡና አካሉን አሙቁት። አልሙኒየም ከብረት ይልቅ በሙቀት ስለሚሰፋ ይለቃታል። ማጽጃውና ቤንዚኑ ግን መጀመሪያ ተጠርጎ ደርቆ ይለቅ፤ እሳት ደግሞ በፍጹም አይታሰብ።

ፍሎቱ ሲወጣ ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። የናስ ከሆነና ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተበስቷል። ቀዳዳው የት እንደሆነ ለማወቅ የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ በቀዳዳው በኩል አረፋ ይወጣል። በቆርቆሮ ብየዳ ይደፈናል፤ ከመበየዱ በፊት ግን ውስጡ ያለው ቤንዚን አንድም ሳይቀር መውጣት አለበት። ቤንዚን ያለበትን የተዘጋ ዕቃ ማጋል ፊት ላይ ቦምብ ማፈንዳት ነው። ብየዳውም ስስ ይሁን። እያንዳንዷ የእርሳስ ጠብታ ፍሎቱን ታከብደዋለች፤ የከበደ ፍሎት ደግሞ ዝቅ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ቤንዚኑን ዘግይቶ ነው የሚዘጋው።

የፕላስቲክ ፍሎት አይንቦጫቦጭም፤ በዓመታት ውስጥ ቤንዚን መጥጦ ይከብዳል እንጂ። በዓይን ደህና ይመስላል። ተመሳሳይ አዲስ ፍሎት ካገኛችሁ ሁለቱንም ይዛችሁ ወደ ወርቅ ቤት ሂዱና እንዲመዝኑላችሁ ጠይቁ። የወርቅ ሚዛን የግራም ሽርፍራፊ ሳይቀር ያሳያል። እኔ እንዲህ ሳደርግ ባለሱቁ መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ሳስረዳቸው ግን የራሳቸው ወንድም ሞተር እንዳላቸው ነግረውኝ በጥንቃቄ መዘኑልኝ። አሮጌው ከብዶ ከተገኘ አትጠግኑት፣ ቀይሩት። ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀለው ኢታኖል የተባለ አልኮልም አንዳንድ አሮጌ ፕላስቲኮችንና ጎማዎችን ያሳብጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሸጥ ነበር። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በአብዛኛው የምትቀዱት 10 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣ የጎማ ዕቃ ይህን ታስቦ አልተሠራም።

ወደ መርፌው እንምጣ። ጫፉን በአጉሊ መነጽር እዩት። ዙሪያውን የቀለበት ምልክት ካለበት፣ ጥፍራችሁን ስታሳልፉበትም ከያዛችሁ ጊዜው አልፏል። ጫፉ ጎማ ከሆነ እንዳልደረቀና እንዳላበጠ አረጋግጡ። ብዙ መርፌዎች ደግሞ ከኋላ በኩል በሞላ የምትሠራ ትንሽ ፒን አላቸው። ስትጫኗት መግባት፣ ስትለቋት ወዲያው መመለስ አለባት። ሥራዋ ንዝረትን መዋጥ ነው። እሷ ከደረቀች ያ «ሲነሳ ብቻ ያፈስሳል» ያልኩት ችግር ይመጣል።

መቀመጫው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አዲስ መርፌ በተበላ መቀመጫ ላይ አይዘጋም። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ ትንሽ የጥርስ ሳሙና ቀቡና መቀመጫው ውስጥ በስሱ አሽከርክሩ። ከዚያ በደንብ አጥባችሁ አየር ንፉበት። የአሸዋ ወረቀት አታስጠጉበት። ተፈቶ የሚወጣ መቀመጫ ከሆነ ዙሪያው ያለውን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ወይም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቀይሩ። እሱ ከደረቀ ቤንዚኑ በመርፌው ሳይሆን በመቀመጫው ውጭ ዞሮ ይገባል። በዚህ ምክንያት መርፌ ላይ መርፌ የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ የሚያስፈልጋቸው የጥቂት ብር ጎማ ነበር። ሚኩኒ የተባለው የካርቡራቶር ኩባንያ የሠራው መቀመጫ ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 2.0 ወይም 2.5 የመሰለ ነው፤ የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ስትቀይሩ ያንኑ ቁጥር አምጡ።

መዝጋቱን ለመፈተሽ ካርቡራቶሩን ገልብጡት፤ ፍሎቱ በክብደቱ መርፌውን ይጫነዋል። የቤንዚን መግቢያው ላይ ላስቲክ ሰክታችሁ በሲሪንጅ አየር ግፉ። የሲሪንጁ መግፊያ ከተቋቋማችሁና ከያዘ መርፌው ይዘጋል። እየሾለከ ከገባ አይዘጋም። በአፍ የሚነፉ አሉ፤ ቤንዚን የነካውን ላስቲክ አፍ ውስጥ መክተት ግን ለጤና አይሆንም። ሲሪንጅ እያለ ምን አስቸገረ።

የፍሎቱን ከፍታ ስትለኩ ካርቡራቶሩን ጓርኒሲዮኑ ሳይኖር ያዙት። ሙሉ በሙሉ አትገልብጡት። አዘንብላችሁ፣ ምላሷ የመርፌውን ፒን ልትነካ ስትል አቁሙት። ፒኗ በሞላ ስለምትሠራ የፍሎቱ ክብደት ከተጫናት ልኩ ይዋሻል። ከኩባያው መጋጠሚያ እስከ ፍሎቱ ራቅ ያለ ጠርዝ ድረስ በካሊፐር ለኩ። ትክክለኛው ቁጥር የየሞዴሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣችው ባለ አራት ሲሊንደሯ ሆንዳ ሲቢ 750 ላይ 26 ሚሊ ሜትር ነው። ታናሿ ሲቢ 550 ላይ 22 ነው። ሲቢ 400 ፎር ላይ ደግሞ 21። የአንድ ኩባንያ ሦስት ሞዴሎች ይህን ያህል ይለያያሉ። ስለዚህ ጎረቤታችሁ የነገራችሁን ቁጥር ሳይሆን የራሳችሁን ሞተር መመሪያ ተከተሉ።

ቁጥሩ ሲያድግ ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ ይህ ብዙ ሰው ያምታታዋል። የለካችሁት ከፍታ ከሚገባው በላይ ከሆነ ፍሎቱ ቶሎ ይዘጋል፣ ኩባያው ሳይሞላ ይቀራል። ካነሰ ዘግይቶ ይዘጋል፣ ይሞላል። የምታስተካክሉት ምላሷን በማጠፍ ነው። ወደ መርፌው ስታጥፏት ቤንዚኑ ዝቅ ይላል። ከመርፌው ስታርቋት ከፍ ይላል። የፀጉር ያህል ማጠፍ ይበቃል። ስታጥፉ ፍሎቱን ተጭናችሁ ሳይሆን ምላሷን ብቻ በትንሽ ካቻቢቴ ይዛችሁ ይሁን። አዲስ መርፌ ከገጠማችሁ የግድ እንደገና ለኩ። ሱቅ ውስጥ «ይገጥማል» ተብለው ከሚሸጡት መካከል ከዋናው ረዘም ወይም አጠር የሚሉ አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ አወዳድሩ።

አሁን ወደ ኩባያው። የአንድ ወዳጄ አሮጌ ሆንዳ ኤክስ ኤል መርፌው ተቀይሮ፣ ፍሎቱ ተለክቶ፣ መቀመጫው ታጥቦ አሁንም ያንጠባጥብ ነበር። በላስቲክ ስናየው ቤንዚኑ ልኩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኩባያውን ፈታነው። መሃሉ ላይ ወደ ላይ የቆመ ቀጭን የናስ ቱቦ አለ። ቤንዚኑ ከልክ ሲያልፍ በዚያ አናት ገብቶ በሥሩ ወደ ውጭ እንዲወጣ የተሠራ ነው። ኩባያውን አድርቀን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥነውና ከቱቦው አናት ዝቅ አድርገን ቤንዚን ሞላነው። ትንሽ ቆይቶ ወረቀቱ ረጠበ። ቱቦውን በብርሃን አዙረን ስናየው ከላይ ወደ ታች የፀጉር ስንጥቅ አለበት። የቱቦው አፍ ላይ ያለ ስንጥቅ በጥፍር ሲነካ ይታወቃል፤ ይኼ ግን ያለ አጉሊ መነጽር በቀላሉ አይታይም። ኩባያው ውስጥ የቀረ ውሃ ቆላ ላይ ባይሆንም በሚበርድ አገር በረዶ ሲሆን ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። በዕድሜም ይሰነጠቃል። አጽድተን ስስ ብየዳ አለበስነው፤ ቆመ። በሲቢ 750ም ይህ ችግር የታወቀ ነው፤ አራት ካርቡራቶር ስላላት አራቱንም ኩባያ በወረቀት መፈተሽ ያስፈልጋል። ቤንዚን ስለሆነ ይህን ሁሉ ደጅ ላይ፣ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቃችሁ አድርጉት።

ስለ ከፍታ ቦታም መናገር አለብኝ፤ እኛ አገር ላይ ፍሎትን ያለጥፋቱ የሚያስከስሰው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ዳርቻ ከፍታ ተመጥኖ የመጣ ካርቡራቶር አዲስ አበባ ላይ ከአየሩ አንጻር ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል። ሰውየው ታዲያ ፍሎቱን ዝቅ ያደርገዋል። ሚኒሞው ትንሽ የተሻለ ይመስላል፤ ዳገት ላይ ግን ቤንዚን ያጥረዋል። ለከፍታ መፍትሔው አነስ ያለ ዋና ጄት (ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ የናስ ዕቃ) ነው፤ ረጅሙን መርፌም የያዘውን ክሊፕ መርፌው ላይ ካሉት ቦዮች አንድ ቦይ ወደ ላይ አድርጎ ዝቅ ማድረግ ነው። ፍሎቱ መመሪያው ባለው ልክ ላይ ይቆይ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስትወጡ በአንድ መንገድ ላይ 1,400 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ። ታች ላይ ደህና የነበረ ሞተር እየወጣ ሲሄድ ቀስ በቀስ እየታፈነ ከመጣ ከፍታው ነው። ገና ከታች፣ ሙሉ ነዳጅ በሰጣችሁት ቅጽበት ጎትቶ የሚደክም ከሆነ ግን ኩባያው እየጎደለ ነው። ዳገቱ ራሱ ይለይላችኋል።

የቀዘቀዘ ሞተር ለማስነሳት ቤንዚን የሚጨምረውን ቾክም እዩት። በብዙ ሚኩኒዎች ላይ የቾኩ ዘንግ ጫፍ ላይ ክብ ጎማ አለ። ጎማው ከተቆረሰ ቾኩ ዘግታችሁትም ቤንዚን ያስገባል። ምልክቱ ቁርጥ የመሙላት ችግር ነው፤ ግን ከውጭ ምንም አይንጠባጠብም።

ካርቡራቶሩ ሞልቶ ካደረ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ባለ አራት ምት ከሆነ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ከታየ አታስነሱት። ቤንዚኑ በሲሊንደሩ በኩል ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖታል፤ ኩሽኔታዎቹን ይበላባችኋል። መጀመሪያ የሚያፈሰውን አስተካክሉ፣ ከዚያ ዘይቱን ቀይሩ። ባለ ሁለት ምት ከሆነ ቤንዚኑ የሚጠራቀመው ከፒስተኑ ሥር ነው። መክፈቻውን ዝጉ፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ የካንዴላውን ገመድ ከቀዳዳው አርቁ፣ ከዚያ ኪኩን ደጋግማችሁ ርገጡ። የሚረጨው ቤንዚን ብልጭታ ካገኘ ይነዳል።

ረጅም ጊዜ የቆመች ሞተር ሳይክል ደግሞ ተቃራኒውን ታሳያችኋለች። ቤንዚኑ ደርቆ ሙጫ ይሆንና መርፌውን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል። ታንከሩ ሙሉ ነው፣ መክፈቻው ተከፍቷል፣ ኩባያው ግን ባዶ። በካቻቢቴ እጀታ የኩባያውን ጎን በስሱ መታ መታ ስታደርጉት ብዙ ጊዜ ይለቃል። ከለቀቀ በኋላም ፈትታችሁ እጠቡት፤ ሙጫው ያለበት መርፌ ነገ ተከፍቶ ይቀራል።

ይህ ሁሉ እንዳይመጣ፣ ክረምቱን የማትነዷት ከሆነ መክፈቻውን ዝጉና ማፍሰሻውን ፈትታችሁ ኩባያውን ባዶ አድርጉት። በየቀኑ የምትነዷት ከሆነ ደግሞ ስታቆሙ መክፈቻውን ዝጉ። አሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ የሚዘጋው በእጃችሁ ነው። ጠግናችሁ የጨረሳችሁ ዕለት ደግሞ ከሥሯ ካርቶን አንጥፉና መክፈቻውን ከፍታችሁ ለጥቂት ሰዓት አቁሟት፤ ደጅ ላይ፣ እናንተም አጠገቧ ሆናችሁ። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ማፍሰሱ ቆሟል። ከረጠበም ላስቲኩ እዚያው ስላለ ቤንዚኑ የት እንደደረሰ አይታችሁ ከዚያው ትቀጥላላችሁ።